ዘ ከለር ኤንድ ዘ ሼፕ

«ዘ ከለር ኤንድ ዘ ሼፕ» የአሜሪካው የሮክ ባንድ ፉ ፋይተርስ ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1997 ለገበያ ቀረበ። የ1995ቱን የመጀመሪያ አልበም የቀድሞው የኒርቫና ባንድ ድራመር (ከበሮ መቺ) ዴቭ ግሮል ብቻውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ነበር የሠራው። ስለዚህ ፉ ፋይተርስ እንደ ባንድ ስቱዲዮ የገባው በዚህኛው ነው። ጊታሪስቱ ፓት ስሚር፣ ቤዝ ተጫዋቹ ኔት ሜንደልና ድራመሩ ዊልያም ጎልድስሚዝ አብረውት ነበሩ።

ቀረጻው በ1996 መገባደጃ በዋሽንግተን ግዛት፣ ዉዲንቪል በሚገኘው ቤር ክሪክ ስቱዲዮ ተጀመረ። ከሮክ ባንዱ ፒክሲስ ጋር በሠራቸው አልበሞች የሚታወቀው እንግሊዛዊው ፕሮዲዩሰር ጊል ኖርተን በቀላሉ የሚረካ ሰው አልነበረም፤ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ያስጫውት ነበር። እንዲያም ሆኖ ግሮል በውጤቱ አልተደሰተም። በ1997 መጀመሪያ ሆሊውድ ወደሚገኘው ግራንድማስተር ስቱዲዮ ተዛውረው አብዛኛውን ሥራ እንደገና ቀረጹት፤ ከበሮውንም ግሮል ራሱ መታው። ጎልድስሚዝ ይህ የተደረገው ሳይነገረው እንደሆነ ይናገራል፤ ግሮል በበኩሉ በባንዱ እንዲቆይ ፈልጎ እንደነበር ገልጿል። ለማንኛውም ጎልድስሚዝ ለቀቀ፤ የዘፋኟ አላኒስ ሞሪሴት የመድረክ ድራመር የነበረው ቴይለር ሆኪንስም በእሱ ቦታ ተተካ። በ«ማይ ሂሮ» ዘፈን ላይ አንዱ ከበሮ በሌላው ላይ ተደርቦ ሲመታ የሰማ ግን ግሮል ዱላውን መልሶ በማንሳቱ ቅር አይለውም።

የአልበሙ ዘውድ ያለ ጥርጥር «ኤቨርሎንግ» የተሰኘው ዘፈን ነው። ግሮል የጻፈው ትዳሩ ሲፈርስና አዲስ ፍቅር ሲይዘው ነው። የጊታሩ ወፍራም ክር ከተለመደው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይቃኛል፤ መሃል ላይ ዘፈኑ ጋብ ሲል ደግሞ ቃሉ በግልጽ የማይለይ ሹክሹክታ ይሰማል። የቪዲዮ ክሊፑን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ሚሼል ጎንድሪ ነው። ዴቪድ ሌተርማን በ2000 ከልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ቴሌቪዥን ዝግጅቱ ሲመለስ ባንዱ ይህንኑ ዘፈን ተጫወተለት፤ በ2015 በመጨረሻው ዝግጅቱም እንዲሁ።

አልበሙ በአሜሪካ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ 10ኛ፣ በብሪታንያ 3ኛ ደረጃ ደርሷል፤ ለግራሚ ሽልማትም ታጭቷል። ስሚር አልበሙ በወጣበት በ1997 ባንዱን ተሰናበተ። አልበሙ በ2007 ተጨማሪ ዘፈኖችን ይዞ ዳግም ታትሟል።