«ሳይኮሎጂማ ቀላል ነው» ለምትሉ

የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ስልኬ ፋታ የለውም። የዘመድ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛ እህት። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ሳይኮሎጂ ልሙላ?» መጠየቃቸው ጥሩ ነው። የሚያናድደኝ ለመሙላት የሚደረድሩት ምክንያት ነው። ሳይኮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝና አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ አይደል?» አናውቅም።

«ሳይኮሎጂ ማለት ፍሮይድ ነው።» ፍሮይድ የነርቭ ሐኪም ነበር፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ሞቷል። ትምህርቱ በእሱ አልተጀመረም፣ ከእሱ ጋርም አልተቀበረም። ቩንት የሚባለው ጀርመናዊ ላይፕዚግ ውስጥ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ያቋቋመው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው።

«ስትመረቁ መድኃኒት ታዛላችሁ።» አናዝም። እሱ የሳይካትሪስት ሥራ ነው። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ፣ ሐኪም ሆኖ፣ ከዚያ ነው በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ የሚያደርገው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ቢሮ ከፍቶ ከባድ ችግር ያለበትን ሰው «ላክም» ማለትም አያዋጣም፤ ሰው ይጎዳል።

«ሒሳብ የለውም፤ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።» ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱ በከፊል የፍሬሽማኑ ኮርስ ነው። ጄኔራል ሳይኮሎጂን ኢንጂነሪንግ የሚገባውም ይወስዳል፣ አካውንቲንግ የሚገባውም ይወስዳል። ደወል ሲሰማ ምራቁን እንዲያዝረበርብ የተለማመደውን የፓቭሎቭን ውሻ ሸምድዶ ኤ ያመጣ ሁሉ ሙያውን የጨረሰ ይመስለዋል። የሞሉት ደግሞ ዲፓርትመንት ከገቡ በኋላ ስታቲስቲክስ ይመጣባቸዋል። የጥናት ዘዴ ይከተላል። የሥነ ልቦና ፈተና አዘገጃጀትና ምዘና አለ። መጨረሻ ላይ ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት፣ እና ዳታ የሚተነተንበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ኤስፒኤስኤስ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሶሻል የገባችው ሒሳብ ለመሸሽ ነበር። ሳይኮሎጂ የሞላችውም ለዚያው ነው። ሰሌዳው ላይ የስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ቀመር ስጽፍ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ክፍል ተሳስተው ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እሺ፣ ሒሳቡ ምን ያደርጋል? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ሰው ሲበዛ ጉልበት ይበዛል፤ ግልጽ ነው። ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ግን ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ለካ። በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ውጤት፣ ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ እያንዳንዳቸው ያወጡት ጉልበት ብቻቸውን ሲጎትቱ ከሚያወጡት ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ «ይሄማ ይታወቃል፤ ግሩፕ አሳይንመንት ላይ የምናየው አይደል?» ይላሉ። ቀደም ብዬ ተረቱን ስጠራላቸውም «ይታወቃል» ብለው ነበር። ሁለቱም ከታወቀ ታዲያ ምኑ ነው የታወቀው?

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ጉልበቱ የቀነሰው ሰዎቹ ስለለገሙ ነው ወይስ እኩል መጎተት ስላቃታቸው? ይህን የቡና ላይ ጨዋታ አይፈታውም። በ1974 እ.ኤ.አ. ኢንግሃም የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሰዎቹን ዓይን ሸፈኑና ከኋላቸው ሌሎች አብረው እየጎተቱ እንደሆነ አሳመኗቸው። እውነቱ ግን ማንም አብሯቸው አይጎትትም ነበር። እንዲያም ሆኖ፣ ብቻቸውን መሆናቸውን አውቀው ከጎተቱት ያነሰ ጎተቱ። አለመናበብ ነው እንዳይባል የሚናበቡት ሰው የለም። ልግመት ነው። እሺ፣ ልዩነቱ ስንት ሲሆን ነው የእውነት፣ ስንት ሲሆን ነው የአጋጣሚ የሚባለው? ስታቲስቲክስ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ሒሳብ የምትፈሩ፣ አትቅሩ፤ ግን ተዘጋጁ። ኤስፒኤስኤስን ለመጨረሻው ሴሚስተር አታሳድሩት። ዳታችሁን ከፍላችሁ ለሌላ ሰው አታሠሩ፤ ዲፌንስ ላይ ሁለት ጥያቄ ስንጠይቅ ይለያል። ሞጁል ደጋግሞ ማንበብም ተዉ። አንብቡ፣ ዝጉት፣ ያስታወሳችሁትን ጻፉ። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድ ጽሑፍ አራት ዙር ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ አንድ ዙር አንብበው ሦስት ዙር ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለባችሁ፤ እሱ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

«የራሴን ችግር ለመፍታት ነው የምማረው።» ይህን የሚሉት ብዙ ናቸው። ስለ አእምሮ ሕመሞች የሚያስተምረው ኮርስ፣ አብኖርማል ሳይኮሎጂ፣ ሲጀመር ግማሹ ክፍል ይታመማል። የምልክት ዝርዝር ያነበበ ሁሉ ራሱ ላይ ያገኘዋል፤ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ባይፖላር ነኝ» የሚለኝ አላጣም። ድባቴ ለመባል እንኳን ምልክቶቹ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት፣ ኑሮንም ማወክ አለባቸው። በሚድ ፈተና ሳምንት እንቅልፍ ማጣት ድባቴ አይደለም። በእውነት የከበዳችሁ ነገር ካለ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ኮርስ ሕክምና አይሆንም።

«ሥራ የለውም።» ይህኛው ግማሽ እውነት ነው። ትምህርት ቤት፣ ማረሚያ ቤት፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ የሰው ሀብት ክፍል ይቀጥራሉ። ግን ማስታወቂያው «ሳይኮሎጂ፣ ሶሺዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተመሳሳይ» ይላል፤ ከሁሉም ጋር ነው የምትወዳደሩት። ዳታ መተንተንና ሪፖርት መጻፍ የሚችል ልጅ ከወረፋው ይወጣል። ሌላ የአገር ቋንቋ ጨምሩበት። ከተፈናቀሉ ሰዎች ጋር ለመሥራት ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ የሚችል ተመራቂ አማርኛ ብቻ ከሚችለው ይቀድማል፤ የደረሰበትን በአስተርጓሚ በኩል መናገር የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው።