«ምን አድርገሽ ይሆን?» አትበሏት

ልጇን ከቀበረች አራት ቀን የሆናት እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የደም ካንሰር ነው የወሰደው። እናትየው የትንሹን ሹራብ እጅጌ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። አንዲት ዘመድ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ «እስኪ ራስሽን መርምሪ። እግዚአብሔር ዝም ብሎ አይቀጣም» አለቻት። እናትየው እጅጌውን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጸሎት አፏ ላይ አልዞረም።

ሐዘንተኞችን ማጽናናት ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል። ካየኋቸው ሰዎች መካከል በመከራው ምክንያት እምነታቸውን ካጡት ይልቅ እንዲህ ባለ «ማጽናኛ» የተሰበሩት ይበዙብኛል። ሰልችቶኛል። እውነቴን ነው፣ በጣም ሰልችቶኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«መከራ የደረሰበት ሰው የሠራው ነገር አለ።» የለም! መጽሐፈ ኢዮብ ገና ሲጀምር ኢዮብ ፍጹምና ቅን ሰው እንደነበር ይነግረናል። ሦስቱ ጓደኞቹ ግን ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ደግመው ደጋግመው «በድለህ ነው፣ ንስሐ ግባ» ይሉታል። መጨረሻ ላይ በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጓደኞቹ ላይ። ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። አምላክን ሲከላከሉ የዋሉት ሰዎች ተወቀሱ፤ የተወለደበትን ቀን የረገመው ኢዮብ ግን ቅን ተናገረ ተባለ።

አዲስ ኪዳንም ያው ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ነው የበደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ይጠይቃሉ። ኢየሱስ ሁለቱም አይደሉም አለ። ሉቃስ 13 ላይም በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው ሕዝብ የባሱ በደለኞች አልነበሩም ብሏል። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገረን?

ጠጥቶ መኪና የነዳ ሰው ቢጋጭ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥፋት መዘዝ አለው። ግን ከዚያ ተነስቶ «እያንዳንዱ ሕመም የጥፋት መዘዝ ነው» ማለት ሌላ ነገር ነው። እኔ የገባኝ፣ ሰዎች ይህን የሚሉት ፈርተው ነው። እሷ አጥፍታ ከሆነ፣ እኔ ካላጠፋሁ ልጄ ይተርፋል ማለት ነዋ! የራሳችንን ፍርሃት ለማስታገስ ነው ሐዘንተኛዋን የምንከሳት።

«ከአቅምህ በላይ አይሰጥህም።» ይህ አባባል የመጣው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ነው። ምዕራፉ የሚያወራው ስለ ጣዖትና ወደ ኃጢአት ስለሚጎትት ፈተና ነው። «ፈተና» የሚለው ቃላችን ለዚህም ለመከራም ስለሚሆን በቀላሉ ተደባለቀብን። ያው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ከአቅማችን በላይ ከብዶብን በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጠን ነበር ይላል። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አለ። ለዚህም ነው ሰው ሰው የሚያስፈልገው።

«ሁሉም ለበጎ ነው።» አምላክ ከክፉ ነገር በጎ ማውጣት ይችላል ብዬ አምናለሁ። ክፉው ራሱ በጎ ነው ማለት ግን አይደለም። ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ መቃብሩ አጠገብ አልቅሷል።

«አምላክን ለምን ብሎ መጠየቅ ክህደት ነው።» መዝሙረ ዳዊትን አንብቡ፤ «እስከ መቼ» የሚለው ጩኸት ደጋግሞ ይመጣል።

«ፈላስፎች የአምላክንና የክፋትን ጉዳይ ዘግተውታል።» ይህን ከአማኞችም፣ አምላክ የለም ከሚሉትም እሰማዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ጄ. ኤል. ማኪ የተባለ ፈላስፋ፣ ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ ከክፋት ጋር በፍጹም አይታረቅም ብሎ ጻፈ። በ1970ዎቹ አልቪን ፕላንቲንጋ መለሰለት፦ ነፃ ፈቃድ ያላቸው ፍጡራን ክፉም ሊመርጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ የግድ አይጣሉም። ብዙ ፈላስፎች፣ አምላክ የለም የሚሉ ጭምር፣ በዚህ ነጥብ ተቀብለውታል። ግን በ1979 ዊልያም ሮው ጥያቄውን ቀይሮ አመጣው። በጫካ ቃጠሎ የተለበለበች፣ ማንም ሳያያት ለቀናት ተሠቃይታ የምትሞት የአጋዘን ግልገል አስቡ አለ። ይህ ስቃይ ለማን ምን ጠቀመ? እዚህ ላይ የሰው ነፃ ፈቃድ ብዙ አይረዳም። ለሕፃን ካንሰርም አይረዳም። እኔ አማኝ ነኝ፤ ቢሆንም ጥያቄው ከባድ መሆኑን አልክድም። ኢዮብም ቢሆን ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ ድምፅ ሰማ እንጂ «ለምን» ለሚለው መልስ አላገኘም።

እንግዲህ ሐዘንተኛ ጋ ስትሄዱ ምክንያት አትፈልጉላት። የኢዮብ ጓደኞች አንድ ነገር አሳምረው ሠርተዋል፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ሂዱ፣ ቁጭ በሉ። ዕቃ ካለ እጠቡ። ልጁን በስሙ ጥሩት፤ ስሙን ማንሳት የሚያስታውሳት እንዳይመስላችሁ፣ መቼ ረስታው! በወሩም፣ በስድስተኛው ወርም ተመለሱ፤ ያኔ ቤቱ ጭር ይላል።

ያቺን እናት ከሁለት ዓመት በኋላ ሳገኛት የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሹራቡን ማን ሠራለት?» እሷው ነበረች። እጅጌውን አስረዝማ የሠራችው ሲያድግ እንዲደርስለት ብላ ነው። ይህን እየነገረችኝ አመሸን።