«እርጅና ነው» እያላችሁ አትለፉት

ባሕር ዳር ውስጥ በግፊት ክትትል ነው የምሠራው። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» የምትለዋን ያህል የምታናድደኝ ነገር የለችም። ሰው ሲሸመግል ስም ይጠፋዋል፣ ዕቃ ያስቀመጠበትን ይረሳል። ይሄ ያለ ነው። ዕድሜ ልኩን የተመላለሰበት የገበያ መንገድ ሲጠፋው ግን በሽታ ነው። ማስታወስና ማሰብ እየተዳከመ የሚሄድበት ይህ ሕመም ዲሜንሺያ ይባላል። ከዓይነቶቹ መካከል ከአልዛይመር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ቫስኩላር ዲሜንሺያ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ሲጠቡ፣ ሲዘጉ ወይም ሲደሙ ይመጣል። ዋናው መነሻ ደም ግፊት ነው፤ ስኳር፣ ሲጋራና የልብ ምት መዛባትም አሉበት።

«ስትሮክ መቶት አያውቅም እኮ!» ይሉኛል። ስትሮክ ማለት የአንጎል ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ወይም ሲደማ ነው። መቶት ይሆናል። አፍ ሳያጣምሙ፣ እጅና እግር ሳያሰንፉ የሚያልፉ ትንንሽ ስትሮኮች አሉ። እየተደራረቡ ነው የሚጎዱት። ደግሞ ሁልጊዜ መርሳት አይቀድምም፤ የሐሳብ መዘግየት ወይም እግር መጎተት ሊቀድም ይችላል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው።» የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

«መፍትሔው ጸበል ብቻ ነው።» ጸበሉንም ይጠመቁ፣ የግፊት ኪኒኑንም ይዋጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ወርዷል።» ስንቱን ሰው እንደጎዳች! ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳምም። የላይኛው ቁጥር 180 ሆኖም ሰውየው ሲያርስ ይውላል።

አንድ የዘጌ አባት ልጃቸው በጀልባ አሻግራ አመጣቻቸው። የቡና ገበሬ ናቸው። የቡናውን ሒሳብ በቃላቸው ይይዙ የነበሩ ሰው፣ አሁን ሦስት ባለመቶ ብር ለመቁጠር ሁለቴ እየጀመሩ ይተዋሉ። ልጅየዋ እንደነገረችኝ ዝም ብሎ እየባሰ አልሄደም። አንድ ቀን ዝቅ ይላሉ፣ ለወራት እዚያው ይቆያሉ፣ ደግሞ ዝቅ ይላሉ። የዚህ በሽታ አካሄድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ስለካቸው 190 በ110። ኪኒኑስ? «ተሻለኝ ብዬ ተውኩት» አሉ። የተሻላቸው እኮ እየዋጡት ስለነበረ ነው! የሞተውን የአንጎል ክፍል የሚመልስ መድኃኒት የለም። ግፊቱን መያዝ ግን ቀጣዩን ስትሮክ ይከላከላል።

ይሄ ደግሞ የኔ ምኞት ብቻ አይደለም። በቻይና ገጠር፣ 326 መንደሮች ውስጥ ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ባለግፊቶች ለ4 ዓመት ተጠንተው ነበር። በመንደር ሐኪሞች ጠበቅ ያለ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች በዲሜንሺያ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ15 በመቶ ቀነሰ። ልዩ ማሽን አልነበረም፤ መለኪያ፣ ኪኒንና የሚከታተል ሰው ናቸው።

ስለዚህ እባካችሁ፦ ደህና ነኝ ብላችሁ ኪኒኑን አታቁሙ። በጾም ወቅት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ብላችሁ አትዝለሉት፤ ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን። የጎረቤት ኪኒን አትዋሱ። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥ፤ በርበሬው ውስጥ ያለውም፣ ቡናው ላይ የሚጨመረውም ይቆጠራል። ወላጆቻችሁን ስትጠይቁ ስኳርና ሳሙና ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስለኩ።

«ሕመምተኛውን መጠበቅ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» የሚሉም አሉ። የዘጌዋ ልጅ አባቷን ለመጠበቅ ስትል ንግዷን ትታለች። በዓለም ላይ ለእነዚህ ሕሙማን ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ወንድሞች፣ ብር መላክ ብቻ አይበቃም፤ ተራ ግቡላቸው።

አንድ ነገር ለዩልኝ። ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ ድንገት ቢቀባዥሩ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ከወደቁ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል፣ ስትሮክም ሊሆን ይችላል። እስከ ነገ አታሳድሯቸው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ።