ስለ ጠፍጣፋ እግር፣ ስለ ተረከዝ ሕመምና ስለ ጫማ ንጣፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙዎች ኢንሶል የሚሉት ጫማ ውስጥ የሚገባ ንጣፍ ዛሬ በፋርማሲም፣ በጫማ ቤትም፣ በኢንተርኔትም ይሸጣል። የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የማያስፈልገው ሰው ነው። የግድ የሚያስፈልገው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም ላይሰማ ይችላል። ይህ የሚያሳዝን ነገር የመጣው ስለ እግር አሠራር ሳንጠይቅ ከምንቀበላቸው እምነቶች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የልጄ እግር ጠፍጣፋ ነው፤ ካልታከመ ሲያድግ ይቸገራል»

ሕፃን ሁሉ እግሩ ጠፍጣፋ ይመስላል። ውስጥ እግሩ ላይ ስብ አለ፣ ጅማቶቹም ገና ልል ናቸው። ቅስቱ፣ ማለትም ውስጥ እግር መካከል ያለው ጎድጓዳ ቅርጽ፣ የሚወጣው ቀስ በቀስ፣ እስከ አሥር ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ነው። በ2006 የታተመ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት በሆኑ 835 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሦስት ዓመት ልጆች 54 በመቶው ጠፍጣፋ እግር ነበራቸው፤ ከስድስት ዓመቶቹ ግን 24 በመቶው ብቻ። በእርግጥ ሕመም ሊባል የሚችል ችግር የተገኘው ከ1 በመቶ በታች በሆኑት ላይ ነው። ያም ሆኖ ከልጆቹ 10 በመቶው የቅስት ድጋፍ ያደርጉ ነበር።

«ባይጠቅምም አይጎዳም፤ ምናልባት ቅስቱን ያወጣለት ይሆናል» የሚሉ ወላጆች አሉ። አያወጣም። በ1989 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ልጆችን በአራት ቡድን ከፍሎ ሦስት ዓመት ተከታተላቸው። አንዱ ቡድን ልዩ የሕክምና ጫማ፣ ሌላው የተረከዝ ድጋፍ፣ ሦስተኛው በልኩ የተቀረጸ የፕላስቲክ ንጣፍ ተሰጠው፤ አራተኛው ምንም አልተደረገለትም። በመጨረሻ የአራቱም ቡድን ልጆች እግር ተሻሽሎ ተገኘ፣ በመካከላቸውም ልዩነት አልነበረም። ጉዳት የለውም ለሚለውም፣ ገንዘቡ ይቅርና ጤነኛ ልጅ «እግርህ ጉድለት አለበት» እየተባለ ማደጉ እኔን ያሳስበኛል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ። ልጁን በእግሩ ጣቶች ላይ አቁሙትና ከኋላው እዩት። ቅስቱ ብቅ ካለ እግሩ ተጣጣፊና ጤነኛ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጠንካራ የጅማት ሽፋን አለ፤ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ይህ ሽፋን ይወጠርና ተረከዙንና የፊት እግሩን ያቀራርባል፣ ቅስቱም ከፍ ይላል። ይህንን አሠራር ሂክስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1954 ገልጾታል። በእያንዳንዱ እርምጃ፣ ተረከዛችን ከመሬት ሲነሣ፣ ልል የነበረውን እግር መሬት ለመግፋት የሚያጠነክረው ይኸው ነው።

ሐኪም ማየት ያለበት እግሩ ድርቅ ያለ፣ በጣቶቹ ሲቆም ቅስቱ የማይወጣ፣ የሚያመው ወይም አንዱ እግሩ ከሌላው የተለየ ልጅ ነው። አዋቂ ሰው ደግሞ ድሮ ቅስት የነበረው አንድ እግሩ ጠፍጣፋ እየሆነ ከመጣ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል ካመመውና በዚያ እግር ብቻ በጣት መቆም ካቃተው፣ ቅስቱን የሚይዘው ጅማት እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል መዘግየት የለበትም። እዚህ ላይ ድጋፍ በጊዜው ሲደረግ በእርግጥ ይጠቅማል።

«ጠፍጣፋ እግር ያለው ሰው ለውትድርናም ለሩጫም አይሆንም»

በ1993 የታተመ ጥናት 246 የአሜሪካ እግረኛ ጦር ሠልጣኞችን የእግር ቅርጽ ለክቶ ማን እንደሚጎዳ ተከታተለ። ቅስታቸው ዝቅ ያለው ሠልጣኞች የተጎዱት ከሌሎቹ ባነሰ ነበር። ይበልጥ የተጎዱት ቅስታቸው በጣም ከፍ ያለው ናቸው።

«እግርህ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ መስተካከል አለበት»

ስንረግጥ እግር ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ክብደት የሚቀበልበት መንገዱ ነው፤ ጤነኛ እግር ሁሉ ያደርገዋል። አሜሪካዊው የእግር ሐኪም መርተን ሩት በ1970ዎቹ ያስፋፋው ትምህርት ከአንድ «ትክክለኛ» አቋም የራቀን እግር እንደ ጉድለት ይቆጥር ነበር፤ ብዙ ንጣፍም በዚያ ሐሳብ ተሠራ። ነገር ግን በ2014 የታተመ የዴንማርክ ጥናት 927 ጀማሪ ሯጮችን አንድ ዓይነት ተራ የሩጫ ጫማ አልብሶ አንድ ዓመት ሲከታተል፣ ወደ ውስጥ የሚያዘነብሉት ከሌሎቹ ይበልጥ ሲጎዱ አልታየም። ጫማ ስትመርጡ ምቾቱን እመኑ።

«ተረከዜ ላይ አጥንት በቅሏል፤ እሱ ነው የሚወጋኝ»

ጠዋት ከአልጋ ወርዶ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጥ ተረከዙ እንደ ሚስማር የሚወጋው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ብርድ ነው ይለዋል፣ ሌላው ሪህ። ራጅ ሲነሣ የበቀለ አጥንት ይታያል፣ ጥፋቱም በዚያ ይላከካል። ግን እንዲህ ያለ አጥንት ኖሯቸው ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ አጥንቱ ሳይኖራቸው የሚያማቸውም አሉ። የሚያመው ቅድም የጠቀስነው የጅማት ሽፋን ተረከዙን የሚይዝበት ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ የሚቆሙ ሠራተኞችና ክብደታቸው የጨመረ ሰዎች በብዛት ይቸገሩበታል።

ንጣፍስ? በ2006 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 135 ታማሚዎችን በሦስት ከፍሎ ለአንዱ የማስመሰያ ስስ ስፖንጅ፣ ለሌላው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ንጣፍ፣ ለሦስተኛው በልክ የተሠራ ሰጠ። በሦስት ወር እውነተኞቹ ንጣፎች መጠነኛ ጥቅም አሳዩ፤ ውዱ ግን ከርካሹ አልበለጠም። ከዓመት በኋላ ሦስቱም እኩል ነበሩ። ስለዚህ ለዚህ ሕመም በልክ ካልተሠራ አይሆንም ብሎ መበደር አያስፈልግም። በሌላ በኩል ዴንማርክ ውስጥ የተሞከረ እንቅስቃሴ አለ፦ የተጠቀለለ ፎጣ ጣቶች ሥር ተደርጎ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ፣ በየሁለት ቀኑ። በሦስት ወር ውስጥ እግርን ከማሳሳብ ከተለመደው እንቅስቃሴ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ወጪውም ፎጣ ብቻ ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ ጫማ እግርን ያበላሻል»

አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቷል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገብቷል። ሁለቱም የዓለም ፈጣን ሰዓቶች ነበሩ። በባዶ እግር ማደግ ቅስትን እንደሚረዳ የሚጠቁም መረጃ መኖሩ እውነት ነው፤ ሕንድ ውስጥ በ2300 ልጆች ላይ በተደረገና በ1992 በታተመ ጥናት፣ ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶው፣ ከማያደርጉት 2.8 በመቶው ጠፍጣፋ እግር ነበራቸው።

ይህን ይዞ ግን በኢትዮጵያ ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለሚያርስ ገበሬ «ጫማ ተው» ማለት በደል ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የዚያ አፈር ቅንጣት በውስጥ እግር ቆዳ ገብቶ፣ በዘር ተጋላጭ የሆኑትን ሰዎች እግር ያሳብጣል። ዝሆኔ የምንለው ሕመም አንዱ ዓይነት ይህ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መከላከያው ጫማና በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

«ስኳር አለብኝ፣ እግሬን ግን አያመኝም፤ ደህና ነው»

ሁሉንም ዘልላችሁ ይህን ብቻ ብታነቡ ደስ ይለኛል። በስኳር የተጎዳ ነርቭ የሕመምን ስሜት ወደ አእምሮ ላያደርስ ይችላል፤ አደጋውም አለማመሙ ነው። ጤነኛ ሰው ጫማ ሲቆረቁረው አረማመዱን ይለውጣል ወይም ያወልቀዋል። የደነዘዘ እግር ግን ያንኑ ነጥብ ቀኑን ሙሉ ይረግጣል፣ ቆዳው ይጠጥራል፣ ከጠጠረው ሥር ይቆስላል፣ ሰውየው የሚያውቀው ካልሲው ሲርስ ነው።

ይህን ያስተማረን ሥጋ ደዌ ነው። ሥጋ ደዌ ጣት ይቆርጣል ተብሎ በየአገሩ ይታመን ነበር። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፖል ብራንድ ሕንድ ቬሎር ውስጥ ሲሠራ፣ ጣቶቹን ያጠፋቸው ሳይሰማቸው የደረሰባቸው ጉዳት መሆኑን አሳየ፤ ኋላም አሜሪካ ውስጥ ካርቪል በተባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ይኸው እውቀት ለስኳር ሕሙማን እግር ዋለ። በአዲስ አበባም በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት አለ።

ንጣፍ እውነተኛ ቦታው እዚህ ነው። ውስጥ እግርን ሙሉ በሙሉ ተከትሎ የተቀረጸ ለስላሳ ንጣፍ በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ክብደት በሰፊው ያከፋፍላል። የእግርን ቅርጽ አይለውጥም፤ ጫናውን ያካፍላል። እንዲገባም ጫማው ጥልቅና ሰፊ መሆን አለበት፤ በጠባብ ጫማ ውስጥ የተጠቀጠቀ ንጣፍ ራሱ ያቆስላል። ንጣፉ በጊዜ ስለሚሟሽሽ በየጊዜው ይታይ።

ስሜቱ የቀነሰ እግር ያለው ሰው ጫማውን ከማድረጉ በፊት እጁን አስገብቶ ጠጠርና ሚስማር ይፈልግ፤ በቤት ውስጥም በባዶ እግሩ አይሂድ፤ እግሩን እሳት ዳር አያሙቅ፤ የውሃውን ሙቀት በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በመስተዋት ይይ፤ ዓይኑ ከደከመ ልጁ ይይለት። ከቆሰለ ግን ንጣፍ ብቻውን አይበቃም። ቁስሉ ላይ እንዳይረግጥ ብዙ ጊዜ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ ጀሶ ወይም የማይወልቅ ቡት ያስፈልገዋልና ባያመውም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።