የእጅ ግራይንደር አጠቃቀምና ደኅንነት

የእጅ ግራይንደር በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ ኃይል የሚሽከረከር ዲስክ ተገጥሞለት ብረትን፣ ድንጋይንና ኮንክሪትን የሚቆርጥ፣ የሚሞርድና የሚያለሰልስ መሣሪያ ነው። ዛሬ የሚታወቅበትን ቅርጽ ያገኘው በ1954 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር አከርማንና ሽሚት በተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ጀርመኖች እስካሁን በድርጅቱ የንግድ ስም «ፍሌክስ» እያሉ ይጠሩታል። በኢትዮጵያ በርና መስኮት ከላሜራና ከቱቦላሬ የሚሠራበት ብየዳ ቤት ያለዚህ መሣሪያ አይታሰብም፤ አሮጌ ብረት ወደ ምድጃና ወደ ሌላ ዕቃ በሚለወጥበት በመርካቶው ምናለሽ ተራም ድምፁ የዕለት ተዕለት ድምፅ ነው።

የመሣሪያው አደጋ ከሁሉ በፊት ከፍጥነቱ የሚመጣ ነው። የተለመዱት ዲስኮች የተሠሩት ጠርዛቸው በሴኮንድ እስከ 80 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት እስከ 288 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ ነው። ስለዚህ 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ድረስ ሲፈቀድለት፣ 230 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ከ6,600 ዙር ገደማ ማለፍ የለበትም። የሁለቱም ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ እኩል 22.23 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ትልቁ ዲስክ ትንሹ ግራይንደር ላይ ያለ ችግር ይገባል፤ የሚከለክለው ዲስኩን የሚጋርደው ከለላ ብቻ ነው፤ እሱንም ፈትቶ መጣል በብዙ ቤት ልማድ ሆኗል። በደቂቃ 11,000 ዙር በሚሽከረከር ትንሽ ግራይንደር ላይ የታሰረ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ጠርዙ በሴኮንድ ከ130 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ዲስኩን የሚገነጥለው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ ከተፈቀደው 2.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የተሰበረ ዲስክ ስብርባሪ ሰውን ሊገድል ይችላል። ከለላ የሌለው ግራይንደር ለሥራ ያልደረሰ ግራይንደር ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ዲስኮች እርስ በርስ አይተካኩም። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ ዲስክ በጠርዙ ብቻ እንዲሠራ የተበጀ ስለሆነ፣ በጎኑ የብየዳ ጉብታ ሲሞረድበት ይሰነጠቃል፤ ለዚያ ሥራ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መሞረጃ ዲስክ አለ። የዲስኩን ቅንጣቶች የሚያጣብቀው ሙጫ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚደክም፣ በቀዳዳው ዙሪያ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ወርና ዓመት ይታተማል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከተመረተ ከ3 ዓመት አያልፍም። መሬት የወደቀ ዲስክ ስንጥቁ ባይታይም መጣል አለበት። አዲስ ዲስክ ሲታሰር መሣሪያው ከሶኬት ይነቀላል፤ ከታሰረ በኋላም ሰው በሌለበት አቅጣጫ አዙሮ ለአንድ ደቂቃ ያህል በባዶ ማሽከርከር ይገባል።

ሁለተኛው ትልቅ አደጋ ዲስኩ በቁራጩ መካከል ተይዞ መሣሪያው ወደ ሠራተኛው መልሶ መምታቱ ነው። ይህ የሚሆነው በብዛት ቱቦላሬው ከሁለቱም ጫፍ ተደግፎ መሃሉ ሲቆረጥ ነው፤ ብረቱ ተቆርጦ ሊያልቅ ሲል ወደ ታች ይጎብጥና የተቆረጠውን ክፍተት ዘግቶ ዲስኩን ይጨብጣል። የሚቆረጠው ጫፍ ነጻ ሆኖ እንዲወርድ ማድረግ፣ ብረቱን በእግር ከመርገጥ ይልቅ በሞርሳ ማሰር፣ የጎን እጀታውን ሳይፈቱ መሣሪያውን በሁለት እጅ መያዝና ከዲስኩ መስመር ገለል ብሎ መቆም መድኃኒቱ ነው። ጥርስ ያለው የእንጨት መጋዝ ግራይንደር ላይ መግጠም ግን በምንም ጥንቃቄ አይታረምም፤ ጥርሱ እንጨቱን ሲይዝ መሣሪያውን ከእጅ ይነጥቃል።

ፍንጣሪም የራሱ ጉዳት አለው። ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በፍንጣሪው ይፈነዳል፤ በርሜል ለምድጃ ወይም ለውኃ ማጠራቀሚያ በሚቆረጥበት አገር ይህ በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ እንዲሰጥ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዛል። የፀሐይ መነጽር የመከላከያ መነጽርን ቦታ አይተካም፤ ጎኑ ክፍት ነው፣ መስታወቱም ምት አይችልም። ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ በዲስኩ ይጠቀለላሉ። ለጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋል፤ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ንዝረትም የጣቶችን ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል።

አቧራው ሕመሙን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ በቀላሉ ይናቃል። ድንጋይ፣ ሴራሚክና ኮንክሪት ሲቆረጡ የሚወጣው ደቃቅ ሲሊካ ሳንባን አጠንክሮ ሲሊኮሲስ ያመጣል፣ የሳንባ ካንሰርም ያስከትላል፤ አውስትራሊያ በዚሁ ምክንያት ብዙ ሲሊካ ያለበትን ሰው ሠራሽ የኩሽና ድንጋይ ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። እንጨት በማለስለሻ ማሽንና በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ የሚነሳው ብናኝም ከካንሰር አምጪዎች ተመድቧል። በውኃ እያረጠቡ መቁረጥ (ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ እንጂ በተራ ግራይንደር አይደለም)፣ አቧራ መሳቢያና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭምብል ይረዳሉ፤ ተራ ጨርቅ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም።

ከመነጽሩ አምልጣ ዓይን ውስጥ የገባች የብረት ቅንጣት በጨርቅ ጫፍ ወይም በክብሪት እንጨት መነካት የለባትም። ብረቱ በዓይን ብሌን ሽፋን ላይ በሰዓታት ውስጥ የዝገት ቀለበት መተው ስለሚጀምር፣ ሕመሙ ቢቀንስም እንኳ ሳይውል ሳያድር የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።