ጥርስ ሲሞላ የሚበራው ሰማያዊ ጨረር

ጎንደር ፒያሳ ጥርሷን ያስሞላች እህቴ «ጨረሩ ጥርሴ ውስጥ ይቀራል እንዴ?» ብላ ተጨንቃ ጠየቀችኝ። አይቀርም። ግራ የሚያጋባን «ጨረር» የሚለው ቃል ነው፤ ብርሃንንም ራጅንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን።

መሙያው ሬዚን (ሲጠነክር ፕላስቲክ የሚሆን ሙጫ መሰል ነገር) እና ደቃቅ የመስታወት ብናኝ የተደባለቀበት ነው። ሲገባ እንደ ሊጥ ልስልስ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 470 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ትንንሾቹ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ይያያዙና በ20 ሰከንድ አካባቢ ይጠነክራል። ብርሃኑ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይዘልቅም። ሐኪሙ ስስ ስስ አድርጎ እየደረበ ደጋግሞ የሚያበራው ለዚህ ነው።

በፋብሪካ እንዲሁ በሬዚን የሚያያዘውን ጥቁሩን የካርቦን ፋይበር (የአውሮፕላን አካል የሚሠራበት ቀላልና ጠንካራ ክር) ግን ብርሃን አያልፈውም፤ እዚያ ሬዚኑን ለማጠንከር የኤሌክትሮን ጨረር ሊገባ ይችላል። ለዚህ ሥራ በሚውለው ኃይል እሱም ዕቃውን ጨረር አመንጪ አያደርገውም።

የጥርስ ሐኪሙን ሰማያዊ መብራት ብቻ ትኩር ብላችሁ አትዩት። ዓይን ይጎዳል።