ብረት አስገቢው ፕሮቲን በዝቶ ሳለ ደም የሚያንሰው ለምንድን ነው?

ሲሊያክ የተባለው፣ በስንዴና በገብስ የሚቀሰቀሰው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው የአንጀት ናሙና ሲመረመር ብረት የሚያስገቡት ፕሮቲኖች ከወትሮው በዝተው ሊገኙ ይችላሉ፤ ይሁንና ያው ሰው በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ይኖርበታል። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል።

ከምግብ የምናገኘው ብረት በአብዛኛው የሚገባው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መነሻ ነው። በዚያ ዲኤምቲ1 የተባለው ፕሮቲን ብረቱን ወደ ሕዋሱ ሲያስገባ፣ ፌሮፖርቲን ደግሞ በሕዋሱ ጀርባ በኩል ወደ ደም ያሳልፈዋል። ሰውነት ብረት ሲያጥረው፣ ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንስ ፌሮፖርቲን ሳይፈርስ ይቆያል፤ የዲኤምቲ1ም መጠን ይጨምራል። የፕሮቲኖቹ መብዛት እንግዲህ ሰውነት ለእጥረቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ብረት በበቂ መጠን ለመግባቱ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ስህተት ይሆናል።

በሲሊያክ የሚጎዳው እነዚህ ፕሮቲኖች የተተከሉበት የአንጀት ግድግዳ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው የሰውነት መከላከያ ጥቃት፣ በአንጀት ውስጥ እንደ ጣት የቆሙትን ጥቃቅን ቅጥያዎች ስለሚያጠፋ ምግብ የሚመጠጥበት ስፋት በእጅጉ ይቀንሳል፤ በቀሩት ሕዋሳት ላይ ፕሮቲኑ ቢበዛም የጠፋውን ስፋት አይተካም። የብረት ክኒን እየወሰደ ደሙ አልሻሻል ያለውን ሰው ሐኪሞች ለሲሊያክ የሚመረምሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ግሉተን ሙሉ በሙሉ ሲቀር ቅጥያዎቹ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ ያገግማሉ። (ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ውጭ አገር በሚሸጥ እንጀራ ላይ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ስለሚችል መጠየቅ ይገባል።) ከምርመራ በፊት ግሉተንን ማቆም ግን ውጤቱን ያሳስታል።